ለሊዮታ እጅ የሚሆን ጥይት

እኔ ምክር መስማትም መስጠትም ከሰለቸኝ ቆይቷል። የምሠራው ቤል ፎርክ በምትባል የተራራ ከተማ ውስጥ፣ ከምስማርና ከቀለም መደብሩ በስተጓዳ ባለው ባለመስታወት ባንኮኒ ኋላ ነው። ሽጉጥና ጥይት እሸጣለሁ። ጉልበቴን ስለሚያመኝ በርጩማ ላይ ተጎልቼ እውላለሁ። ከባንኮኒው ፊት ደግሞ ከከሰል ማዕድን ጡረታ ወጥተው፣ ቡናቸውን በወረቀት ኩባያ ይዘው የሚገተሩ ወንዶች አይጠፉም። የሚገዛው አንድ ሰው ከሆነ የሚመክረው ደርዘን ነው።

ሴት ከገባችማ ጉድ ፈላ። ሁሉም ባሏ ይሆናል። አንዱ ቀለል ያለችውን፣ ቦርሳ የምትገባዋን አሳያት ይለኛል። ሌላው ሽጉጧ ትንሽ ስለሆነች በኃይለኛ ጥይት አካክስላት ይላል። ከዚህ የባሰ ምክር በዚህ ሸለቆ አልሰማሁም። አጭር አፈሙዝ ያላት፣ ከቆርቆሮ የማትከብድ አምስት ጎራሽ ሪቮልቨር ኃይለኛ ጥይት ስትጎርስ መጀመሪያ የምትራገጠው ባለቤቷን ነው። ሴትዮዋ አንድ ቀን ትተኩስና እጇን ስታሽ ታድራለች፤ ከዚያ መሳቢያ ውስጥ ትከታታለች፤ በቃ፣ ዳግመኛ አታያትም። ስንቷን ሽጉጥ ከነአቧራዋ መልሼ ገዝቻለሁ። ይህን ስናገር ወንዶቹ ይስቁብኛል፤ ሆሊስ ጃጀ ይላሉ። ጃጅቻለሁ፣ ታዲያ ምን ይጠበስ?

ሊዮታ ብራኖክ የመጣችው የአጋዘን አደን ሊከፈት ሲል፣ መደብሩ በሰው ተጨናንቆ ሳለ ነው። ሊዮታን የማያውቅ ያለ አይመስለኝም። የትምህርት ቤት አውቶቡስ ስትነዳ ነው ያረጀችው፤ የዚህ ሸለቆ ጎልማሳ ሁሉ ልጅ ሳለ እሷ ያልጮኸችበት የለም። በረዶ በጋገረው ተራራ ላይ ያንን ግዙፍ መሪ እንደ ሊጥ ነበር የምትጠመዝዘው። አሁን ጣቶቿን ቁርጥማት አጣሞባታል። የሱፍ ጓንቷን በጥርሷ ስባ ስታወልቅ አየሁና ዓይኔን ወደ ሌላ መለስኩ።

ባሏ ዴልማር ያረፈው ባለፈው ጸደይ ነው፤ ከሰሉ ሳንባውን ጨርሶት። ዴልማር ጓደኛዬ ነበር። ጥይት ከእኔ ገዝቶ አያውቅም፣ ራሱ ነበር የሚሞላው። እዚህ ብዙው ወንድ እንደዚያ ነው። የተተኮሰውን ቀለህ ይለቅምና ምድር ቤቱ ባለው ማሽን ባሩድ ሞልቶ፣ እርሳስ ገጥሞ እንደ አዲስ ያደርገዋል። ለቁጠባ ነው ይላሉ፤ ዋናው ግን የገዛ እጃቸው ሥራ ስለሆነ ይኮሩበታል። ዴልማር ለራሱም ለሊዮታም ይሞላ ነበር። እሁድ እሁድ ከቤተ ክርስቲያን መልስ ጓሮ ወጥተው ጣሳ ደርድረው ይተኩሳሉ። ሊዮታ በዚህ የልብ ልብ ተሰምቷት፣ ባሌ የሚተኩሰውን ነው የምተኩሰው፣ የሴት ጥይት አላውቅም ትል ነበር። የእሳት አደጋ ቡድኑ በየዓመቱ በሚያዘጋጀው የዒላማ ውድድርም ከወንዶቹ ጋር ነበር የምትሰለፈው።

ባንኮኒዬ ላይ የዴልማርን የጥይት ሳጥን አስቀመጠች። ውስጡ ጥቂት ፍሬ ብቻ ቀርቷል። እሱ የሞላልኝ ሊያልቅብኝ ነው፣ የእሱን የሚያህል ኃይለኛ ስጠኝ አለችኝ። ለምን እንደቸኮለች ስጠይቃት ድምጿን ዝቅ አድርጋ ነገረችኝ። የዴልማር የወንድሙ ልጅ ሮይስ ከእስር ወጥቷል። ይህ ልጅ ዕፅ ያበላሸው ነው። ዴልማር ከተቀበረ ብዙም ሳይቆይ የምድር ቤቱን በር ገንጥሎ መሣሪያውን ሁሉ፣ ያንን የጥይት መሙያ ማሽን ሳይቀር አውጥቶ ሸጦታል። ያሳሰረችው እሷ ነች። አሁን ወጥቶ ቤንዚን ማደያው ጋ አክስቴ ትከፍላታለች ሲል ተሰምቷል። አንድ ምሽትም መጥቶ ቤቷን እየዞረ፣ መስኮት መስኮቱን በጣቱ ሲያንኳኳ ቆይቶ ሄዷል። ሸሪፉ ቢጠራ ያ ሁሉ ጠመዝማዛ መንገድ አለ፤ እስኪደርስ እንኳን ሰው ቤቱም አይተርፍ።

ልጇ ጃኒን የምትኖረው ኮሎምበስ ከተማ ነው። ይህን ስትሰማ በቃ፣ እቃሽን ሸክፊ፣ ክፍልሽ ተዘጋጅቷል አለቻት። ሊዮታ ወይ ፍንክች። በስልክ ሲጨቃጨቁ ከርመው በመጨረሻ የደረሱበት ስምምነት እንደነሱው ግትር ነው። ጃኒን ቅዳሜ ትመጣለች። እናቷ የማእድ ቤቷን ርዝመት ያህል ርቃ አምስት ጥይት ትተኩሳለች። አምስቱም የወረቀት የእራት ሰሃን ውስጥ ከገቡ ጃኒን ስለ መሄድ ዳግመኛ ላታነሳ፤ አንዱ እንኳ ከወጣ ሊዮታ ያለ ክርክር ልትሸክፍ። ሊዮታ ወዲያው ነው እሺ ያለችው። ዕድሜ ልኳን ስትመታ የኖረች ሴት ምን ያስፈራታል?

ኃይለኛውን ተይው ብዬ ለመንኳት። እጅሽ የድሮው እጅ አይደለም ለማለት ግን ድፍረት አጣሁ፤ የእሷም ሽጉጥ ከነዚያ ቀላል አምስት ጎራሾች አንዷ ናትና ስለ ክብደቷ ብቻ ቀባጠርኩ። አንተ ለሁሉም ሴት የምትለውን አትበለኝ ብላ ከመደርደሪያው ኃይለኛውን ራሷ አንስታ ከፈለች። አላስቻለኝምና መደብሩን ለአለቃዬ ትቼ ወደ መለማመጃው ሜዳ አብሬያት ሄድኩ።

የመጀመሪያውን ስትተኩስ ሽጉጧ ከእጇ ልትወጣ ምንም አልቀራት። ጥይቱ የት እንደገባ እግዜር ይወቅ። ሁለተኛውን ስትተኩስ በአውራ ጣቷና በሌባ ጣቷ መካከል ያለው ቆዳ ተሰነጠቀ። ሽጉጡን ጠረጴዛው ላይ አስቀምጣ እጇን ብብቷ ውስጥ ከተተች። ሕመሙን ዋጥ አደረገችው፤ ግራ መጋባቷ ግን ፊቷ ላይ ይታያል። የፋብሪካው ጥይት ብልሽት ሳይኖረው አይቀርም፣ የዴልማር ከዚህ ይበረታል፣ እሱ ግን እንዲህ አድርጎኝ አያውቅም አለችኝ። አንጀቴን በላችው።

ከዴልማር አንዱን ስጪኝ አልኳትና አጉርሼ ተኮስኩ። ሽጉጧ እጄ ላይ ንቅንቅ አላለችም። ድምፁ የታፈነ ሳል ነው። ሌላ አንድ ፍሬ ኪሴ ከተትኩና ተመለስን።

መደብሩ ጓዳ እንደ መዶሻ የምትያዝ እርሳስ ማውጫ አለችኝ። ጥይቱን በሆዷ ጎርሳ ጠረጴዛ ላይ ስትመታ እርሳሱ ከቀለሁ ይላቀቃል። ሊዮታ ከጎኔ ቆማ ታያለች። ባሩዱን ነጭ ወረቀት ላይ ዘረገፍኩት። ቁንጥር ጨው ነው የሚያህለው። ከጎኑ የፋብሪካውን ፈትቼ ስዘረግፍ ልዩነቱን ለማየት ሚዛን አላስፈለገም። ዴልማር ደግሞ ሰነፍ አልነበረም። ባሩድ ሲመዝን ትንፋሹን ይዞ ነው፤ ተሳስቶ ነው እንዳልል እኔ ራሴ አላምነውም። የእሷ እጅ በደከመ ቁጥር እሱ እየቀነሰ፣ እየቀነሰ፣ እሷ ሳታውቅ እዚህ አድርሶት ነው የሞተው።

ያን ጊዜ የተሰማኝን ልናገር፤ ተናደድኩ። ሞቶም ሥራ ያበዛብኛል ብዬ በዴልማር ተናደድኩ። ዝም ብል ደስ ባለኝ። ግን ሮይስ በር ቢገነጥል ይህች ሴት የምትመካው በባሏ ውሸት ነው። ስለዚህ ነገርኳት።

ሊዮታ ወረቀቱ ላይ ያለውን ባሩድ ረጅም ጊዜ አየችው። ከመቼ ጀምሮ ነው አለችኝ። እንጃ፣ ከብዙ ጊዜ ሳይሆን አይቀርም አልኳት።

«ጣሳዎቹ መዝለል ትተው ነበር» አለች። «ድሮ ስመታቸው አጥሩን ያልፉ ነበር። በኋላ በኋላ ወደቅ ብቻ ነው የሚሉት። ጣሳው ነው የወፈረው እያልኩ አልፈዋለሁ።»

ሆድ ሲያውቅ ዶሮ ማታ ነው ነገሩ። አላለቀሰችም። የተሰነጠቀ እጇን በመሃረብ ጠቅልላ፣ እሺ፣ አንተ ብትሆን ለዚህ እጅ ምን ታጎርስ ነበር ብላ ጠየቀችኝ። ከዚያ በፊት እንዲህ ብላ የጠየቀችኝ ሴት የለችም፤ ወንድማ ጨርሶ የለም።

ያለኝን አወጣሁላት። ሁሉም ሰው የሚወደው ጫፉ የተቦረቦረው ጥይት አለ። ሥጋ ሲነካ እንደ አበባ ይከፈታል ይላሉ። ይከፈታል፣ ግን ፍጥነት ይፈልጋል። አፈሙዙ አጭር ሲሆን ባሩዱ ውስጥ ተቃጥሎ ሳያልቅ ነበልባል ሆኖ ይወጣል፤ ብርሃኑ የሚያሳውረው ተኳሹን፣ ድምፁ የሚያደነቁረው ተኳሹን፣ እርሳሱ ግን እያዘገመ ነው የሚሄደው። በክረምት ደግሞ እዚህ ሁሉም ወንድ ወፍራም የሥራ ካፖርት ለባሽ ነው። ያ ቀዳዳ በጨርቅ ይደፈንና ጥይቱ ሳይከፈት ይቀራል። እንግዲህ ያን ሁሉ ርግጫ የቻልሽው ለምንም ነው ማለት ነው አልኳት።

ከዚያ ከታችኛው መደርደሪያ አናቱ ጠፍጣፋ የሆነውን አወጣሁ። ዒላማ ተኳሾች ናቸው የሚገዙት፤ ወረቀት ላይ የተስተካከለ ክብ ቀዳዳ ስለሚቆርጥላቸው። ርግጫው ለስላሳ ነው። ልከፈት አልከፈት የሚል ጣጣ የለበትም፤ ጠፍጣፋ ፊቱን ይዞ ቀጥ ብሎ፣ በሚበቃ ጥልቀት ይገባል። ጣጣው አናቱ ደንዳና ስለሆነ ቶሎ ቶሎ ለማጉረስ አይመችም። ግን በአምስቱ ያልጨረስሽውን ለመጨረስ ድጋሚ የምታጎርሺበት ጊዜ የለሽም አልኳት። ደርሶ የሚመታ ደካማ፣ ዒላማውን ከሚስተው ኃይለኛ ይሻላል። ዴልማርም ያወቀው ይህን ነው፤ እሱ ግን አበዛው።

ባንኮኒው ፊት ቡናውን ይዞ የቆመው ፈረል የሚባለው ወሬኛ ይህን ሰምቶ ፈነደቀ።

«ሊዮታ፣ በሱማ ሰው ብትመቺ ዞር ብሎ ማን ነካኝ ይልሻል እንጂ አይወድቅም።»

«እስኪ አንተ ቁምልኝና እንየው» አለችው። «ድሮም አውቶቡሱ ውስጥ ከወሬ በቀር ሥራ አልነበረህም።»

የተቀሩት ሳቁበት፤ ፈረልም አንገቱን ደፍቶ ቡናውን ጠጣ። የሽጉጧን ቀጭን የእንጨት እጀታ በወፍራም ጎማ ለወጥኩላትና በዚያ ሳምንት ከሥራ ስወጣ እየወሰድኩ አለማመድኳት። በመጀመሪያው ቀን ከመተኮሷ በፊት ዓይኗን ትጨፍን ነበር፤ እጇ ያንን ሕመም እየጠበቀ። ቀስ በቀስ ተወችው። ስትመታ እኔ ነኝ የምደሰተው። እሷ ቀና ብላ ታይና፣ እሺ ብላ ሌላ ታጎርሳለች። ያኔ ልብ ማለት ነበረብኝ። እኔ ግን የትክክለኛውን ጥይት ነገር ብቻ እያሰብኩ፣ በገዛ ምርጫዬ እየተኩራራሁ ነበር።

ቅዳሜ ጠዋት ጃኒን መለማመጃው ሜዳ ደረሰች። የሆስፒታል ሒሳብ ሠራተኛ ነች፤ ያደረገችው ለሜዳ የሚሆን ጫማ አልነበረም። ሰላምታ ሰጥታኝ ጥቂት ከቆመች በኋላ፣ «ሚስተር ሆሊስ፣ ይህን የሚያደርጉት ለእናቴ አዝነው እንደሆነ ይገባኛል፤ ግን እየረዷት አይደለም» አለችኝ። ሰሃኑን ይዤ ሄጄ ሰቀልኩት።

ሊዮታ ጆሮዋን ሸፈነች፣ ቆመች፣ ተኮሰች። ሳትቸኩል፣ በአንድና በአንድ መካከል ትንፋሽ እየወሰደች። ሰሃኑን ሳወርደው አምስቱም ውስጥ ናቸው፤ መዳፍ ቢጫንባቸው ይሸፈናሉ። ሰሃኑን ለጃኒን ሰጠኋት። ቀዳዳዎቹን አንድ በአንድ በጣቷ ነካካቻቸው። ቃሌ ቃል ነው አለች፣ እናቷን ጉንጯን ሳመቻት፣ ሰሃኑን ጠረጴዛው ላይ ትታ ወደ መኪናዋ ሄደች። ገብታ በሩን ዘጋች፤ ሞተር ግን አላስነሳችም።

እኔ እንደ ሞኝ ደስ ብሎኛል። ሊዮታ ሽጉጡን አራግፋ፣ የጥይቱን ሳጥን ይዛ ወደ ፒክአፗ ሄደችና መሪው ፊት ተቀመጠች። በመስኮቱ በኩል ተደግፌ እንኳን ደስ አለሽ፣ ከቤትሽ የሚያስወጣሽ የለም አልኳት።

«እንድስት ፈልጌ ነበር፣ ሆሊስ» አለችኝ።

ታዲያ ለምን አልሳትሽም አልኳት።

«እያወቅሁ መሳት አልችልበትም። እጄ እምቢ አለኝ። ያ መጀመሪያ የገዛሁት ኃይለኛ ጥይት ቢሆን ራሱ ያስተኝ ነበር። አንተ ደግሞ የማይስት መረጥክልኝ።»

ለምን አስቀድመሽ አልነገርሽንም ለማለት ያህል አልኩ።

«ምን ብዬ? መስኮት ሥር ኮቴ እያዳመጥኩ እንቅልፍ ካጣሁ ከረምኩ ብዬ?» ድምጿ ከፍ አላለም። «ዴልማር ያን ሁሉ ዓመት ምድር ቤት ተቀምጦ፣ እየሳለ፣ ጠንካራ ነኝ ብዬ እንዳምን ሲደክም ኖረ። አሁን ደከመኝ ብዬ ብሄድ ልፋቱን አፈር ማልበስ መሰለኝ። ብስትና ብሸነፍ ግን ተሸነፍኩ ነው፣ ማንንም አላሳፈርኩም።»

ደግሞ የሮይስን ነገር አነሳች።

«ልጅ ሳለ አውቶቡስ ያስመልሰው ስለነበር ከኔ ኋላ ነበር የማስቀምጠው። መታጠፊያ በደረስን ቁጥር፣ አክስቴ ቀስ በይ ይለኛል። ቀስ እልለት ነበር። በሩን ገንጥሎ ቢገባ እመታዋለሁ፣ ሆሊስ። በዚህ ጥይትማ አልስተውም። ያንን ይዤ መኖር ግን አልችልም። ደክሞኛል።»

እኔ ስንት ቀን ሙሉ ስለ አፈሙዝ፣ ስለ ካፖርት፣ ስለ ርግጫ ስተነትንላት ማንን ለመምታት እንደሆነ አንዴም አልጠየቅኋትም። በራሴ አፈርኩ። መስኮቱን መታ መታ አድርጌ ወደ ጃኒን መኪና አነከስኩ። ሜዳው ጭቃ ነው፤ ጉልበቴ ደግሞ በየእርምጃው ይወጋኛል።

ጃኒን መስታወቱን ዝቅ አደረገችው። ፊቷ በእንባ ርሷል።

«አሸነፈች አይደል? ደግሞ ምን ቀረ?» አለችኝ።

«ሂጂና ጠይቂያት።»

«ዳግመኛ ላላነሳ ቃል ገባሁ እኮ። ስገባ ሰምተዋል።»

«ቃልሽ ሸክፊ እንዳትያት ነው። እሷን ማዘዝ ተይና ለምኛት። እናቴ፣ ነይልኝ በያት። አሁን፣ ሳትሸነፍ።»

አየችኝ፤ ከዚያ አሻግራ ፒክአፑን አየች። በሩን ከፍታ ወረደች። ያ ጫማዋ ጭቃው ውስጥ ሰመጠ፤ አውጥታ መራመድ ቀጠለች። ሊዮታ ጃኒን ስትመጣ በመስታወቱ አይታታለች። ከጎኗ ወንበር ላይ የነበረውን ሽጉጥና የጥይቱን ሳጥን አንስታ ከመቀመጫው ኋላ ወረወረቻቸውና፣ በዚያ በሚያማት እጇ በሩን ከውስጥ ገፍታ ለልጇ ከፈተችላት።